ብለድሃውንድ በደሴ፦ አፍንጫው የሚመራውን ውሻ የማሳደጊያ መመሪያ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ከኮምቦልቻ ደወለ። «ሌባ አስቸገረን፤ እንደ አንተው ያለ ግዙፍ ውሻ አፈላልግልኝ» አለኝ። ሳቄ መጣ። የኔ ውሻ ሸጋው ብለድሃውንድ የሚባል ዘር ነው፤ 50 ኪሎ ይመዝናል። ሌባ አጥር ዘሎ ቢገባበት ግን ጅራቱን እየቆላ ነው የሚቀበለው። ለሃጩን ሱሪው ላይ ይጠርግበትና እግሩ ሥር ይጋደምለታል። ምናልባት ሌባው ከሄደ በኋላ የት ሰፈር እንደገባ ዱካውን ይዞ ይደርስበት ይሆናል።

ብለድሃውንድ እንዲህ ነው። ሥራው ማነፍነፍ እንጂ ዘበኝነት አይደለም። ግቢ የሚጠብቅ ከፈለጋችሁ የሀበሻ ውሻ አሳድጉ። እሱ ብርዱንም ጅቡንም ሰፈሩንም ያውቀዋል። ከዚህ በታች ያለው «ገባኝ፤ እኔ ግን እሱኑ ነው የምፈልገው» ለሚል ሰው ነው።

መጀመሪያ፦ ሐኪምና ጎረቤት አነጋግሩ

ዘሩ የቤልጅየም ነው። በአርዴን ደን የሚገኘው የቅዱስ ሁበርት ገዳም መነኮሳት ለአደን ብለው እንዳረቡት ይነገራል። እዚያ አገር እስከ ዛሬ በቅዱሱ ስም ነው የሚጠራው። ይህንን ለአንድ የሐይቅ ልጅ ብነግረው «እስጢፋኖስ ገዳም ይዘኸው እንዳትመጣ ብቻ» አለኝ።

ወንዱ ትከሻው ድረስ 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል። ክብደቱ ከ46 እስከ 54 ኪሎ ነው፤ ሴቷ ከ40 እስከ 48። ግማሽ ኩንታል እህል እግር አውጥቶ በገመድ ሲጎትታችሁ አስቡት። ዕድሜው ደግሞ አጭር ነው። አብዛኛው 10 ዓመት ሳይሞላው ነው የሚሞተው። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው።

ቡችላውን አይታችሁ ልባችሁ ከመሸነፉ በፊት የእንስሳት ሐኪም አነጋግሩ። በእኛ አካባቢ የብዙው ሐኪም እጅ የተፈታው በከብትና በበግ ነው። ስለዚህ በግልጽ ጠይቁ። የውሻ ሆድ ከፍቶ ቀዶ ሕክምና ሠርቶ ያውቃል? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢደወልለት ስልክ ያነሳል? ለምን እንዲህ እንደምል ስለ ሆድ መነፋት ስናወራ ይገባችኋል። ደሴ ውስጥ መነሻ ካጣችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው። እዚያ የሚያስተምሩትን መጠየቅ አንድ በር ነው።

ቀጥሎ ጎረቤት። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ተጋርቶ፣ ቡና ተጠራርቶ ነው የሚኖረው። የዚህ ውሻ ለሃጭ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ራሱን አንዴ ሲያራግፍ ግድግዳ ላይ ይደርሳል። ብዙ ሙስሊም ጎረቤት ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ የነካውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ ግድ ይላል። እኔ ሸጋውን ከማምጣቴ በፊት ከአጥሩ ማዶ ላሉት እናት ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ውሻው አይከፋኝም። ልብሴን እንዳይነካብኝ ብቻ። ሶላት አለብኝ» አሉኝ። «አብሽሩ እማማ» አልኩና ያን ዕለት ሦስት ነገር አስተካከልኩ። የልብስ ማስጫውን ገመድ ወደ ላይኛው ግቢ አዞርኩ። እንግዳ የሚገባበትን በር ከውሻው ቦታ በሽቦ ለየሁ። ቡና በተጠራ ቁጥር ሸጋው ከጓሮ እንዲቆይ አደረግሁ። ይኸው አራት ዓመት ሆነን፤ አንድም ቀን አልተቀያየምንም።

ድምፁንም አትርሱ። ይህ ውሻ ብዙ አይጮኽም፤ ያላዝናል። ረጅም፣ ወፍራም፣ ጦሳ ተራራ ድረስ የሚሰማ የሚመስል ድምፅ ነው። ሌላ ረጅም ድምፅ ከሰማ ማጀብ ይወዳል፤ የሱብሂ አዛንም ሆነ የሌሊት ቅዳሴ ማይክሮፎን አይመርጥም። መፍትሔው ሌሊቱን ቤት ውስጥ ማሳደር ነው። ኮንደሚኒየም ለሚኖር ሰው ግን መላ የለኝም። ይቅርባችሁ።

ቡችላ ስትመርጡ

ከ8 ሳምንት በታች ያለ አትቀበሉ። ከተቻለ እናቱን እዩ። ሰው ስታይ ትደበቃለች ወይስ ትቀርባለች? የቡችላውን የታችኛውን የዓይን ቆብ አስተውሉ። መንጠልጠሉ የዘሩ ነው። ቀልቶ መግል ከያዘ ግን ችግር ነው። እንዲራመድ አድርጉት፤ የኋላ እግሩን የሚጎትት ተዉት።

የክትባት ካርድ ሳታዩ ብር አታውጡ። እኔ አውጥቻለሁ። የሸጠልኝ ሰው «ተከትቧል» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ጭኜው መጣሁ። በሳምንቱ መብላት አቆመ። በማግስቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል በሽታ ነበር። አምስት ቀን ግሉኮስ ተሰቅሎለት፣ እኔም ከጎኑ ፍራሽ አንጥፌ አድሬ ነው የተረፈው። ካርድ ማለት የክትባቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና የሐኪሙ ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው። መሐላ ካርድ አይሆንም።

አጥርና መኝታ

የሚያሸተው ነገር ሲይዘው ጆሮው ይደፈናል። ስሙን ብትጠሩ፣ ብታፏጩ፣ ሥጋ ብታሳዩ አይሰማም። አስፋልት መሆኑንም አያይም። ስለዚህ አጥሩ ቢያንስ 1 ሜትር ከ80 ይሁን። ከሥሩም ድንጋይ አስገቡበት፤ ይቆፍራል። ያረጀ ቆርቆሮ በትከሻው ገፍቶ ነው የሚወጣው። ከግቢ ውጪ በገመድ ብቻ። በዚህ ላይ አልደራደርም። የጠፋ ውሻን መኪና ብቻ አይደለም የሚያገኘው። ለባዘኑ ውሾች መርዝ የሚጣልበት ጊዜ አለ፤ ማታ ደግሞ ጅብ አለ። ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ ቤት ይግባ።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሰውንም ያንቀጠቅጣል። የዚህ ውሻ ጠጉር አጭር ነው። ሲሚንቶ ላይ ከተኛ ክርኑ ይቆስላል። የእንጨት ፓሌት አንጥፉ፤ በላዩ ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ጣሉበት። ጭዱን በየሁለት ሳምንቱ ቀይሩ፤ ክረምት ላይ በየሳምንቱ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው። ጥላና ሁለት ባልዲ ውሃ አዘጋጁ፤ አንዱን ይደፋዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርዱ መኪና ቆልፋችሁ ትታችሁት ሻይ እንዳትሉ። መስኮቱ የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።

ምግብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሆዱ

አንድ ጎልማሳ ብለድሃውንድ በቀን 2,100 ካሎሪ አካባቢ ይፈልጋል። በደረቅ የውሻ ምግብ ቢሰላ 600 ግራም ገደማ ነው። የታሸገውን ሁልጊዜ ማግኘትም መግዛትም ለማይችል እኔ የምሠራውን ልንገራችሁ። ሳይቀቀል የተመዘነ 350 ግራም ሩዝ፣ ግማሽ ኪሎ ጮማ የሌለው ሥጋ፣ ሁለት ካሮት። ጨው የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ በርበሬ የለም። ከወጣ በኋላ በደንብ የላመ የእንቁላል ቅርፊት 1 ሻይ ማንኪያ አደርግበታለሁ፤ ለካልሲየም ነው። ይህ ብቻውን ሁሉን አያሟላም። ሐኪም የሚያዝዘው የማዕድንና የቪታሚን ተጨማሪ ያስፈልገዋል። ለቡችላ ግን ይህን አትሥሩ። ትልቅ ዘር ቡችላ ካልሲየም ቢያንሰውም ቢበዛበትም አጥንቱ ይጣመማል። እስከ ዓመቱ ለትልቅ ዘር ቡችላ የተዘጋጀውን ፈልጋችሁ ግዙ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

መጠኑን የሚነግራችሁ ጎኑ ነው። እጃችሁን ስታሳልፉበት የጎድን አጥንቱ ሊቆጠር ይገባል። በዓይን ከታየ ጎድሎበታል። ፈልጋችሁ ካጣችሁት ደግሞ በዝቶበታል።

የተረፈ ወጥ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭም ይሁን ቀይ፣ የውሻ ደም ይጎዳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ነው የሚጀምረው። እንጀራ ብቻውን ለቁርስ ያህል ችግር የለውም። ቸኮሌትና ዘቢብ እንዳይቀምስ። የበሰለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

የአረፋ ሰሞን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰፈሩ ሁሉ ያርዳል። ሸጋው ሦስት ቀን እንቅልፍ የለውም፤ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ግቢውን ይዞራል። ጎረቤት በደግነት ከአጥር በላይ ሳንባና ጉበት ይወረውራል። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እንቁላል የሚመስል እብጠት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ የትል ከረጢት ነው። ውሻ ጥሬውን ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ሰው ላይ፣ በተለይ ልጆች ላይ፣ ያንኑ ቋጠሮ ያመጣል። እንዲህ ያለው ይቀበር ወይም ይቃጠል። ንጹሑም ቢሆን ሳይቀቀል አይሰጥ። ለጎረቤቶቼ በዓሉ ሳይደርስ እየዞርኩ እነግራለሁ። ፋሲካም ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ይህን ዘር በብዛት ከሚገድሉት አንዱ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ለመከላከል ምግቡን በቀን ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈሉት። ከሮጠ በኋላ ልቡ እስኪረጋጋ አይብላ። ከበላ በኋላም 2 ሰዓት ይረፍ። ተስገብግቦ የሚውጥ ከሆነ ሳህኑ መሃል ትልቅ፣ ሊዋጥ የማይችል ድንጋይ አስቀምጡ፤ እየዞረ በቀስታ ይበላል። ሳህኑን በርጩማ ላይ ከፍ የሚያደርጉ አሉ። እኔ መሬት ላይ ነው የማስቀምጠው።

ምልክቱን በቃላችሁ ያዙ። ሊያስመልስ ይታገላል፤ የሚወጣው ግን አረፋ ብቻ ነው። መቀመጥም መተኛትም ያቅተዋል፤ ይቁነጠነጣል። ሆዱ ከጎድኑ በታች እንደ ከበሮ ይወጠራል። ድዱ ይነጣል። ለሃጩ ይጨምራል ይላሉ መጽሐፎቹ፤ በዚህ ውሻ ላይ ግን ይህን ማወቅ ከባድ ነው። አንድ ነገር አደራ። ገጠር በሬ ሲነፋ ዘይት ይጋታል። ለውሻ እንዳታደርጉት። የተጠመዘዘ ጨጓራ ምንም አያሳልፍም፤ ዘይቱ ሳንባው ይገባል። ለነገ ሳትሉ ሐኪሙ ጋ ጫኑት። ስልክ ቁጥሩ በር ላይ ተለጥፎ መገኘት ያለበት ለዚህ ነው።

ጆሮ፣ ዓይን፣ የፊት እጥፋት

እሑድ ከቁርስ በኋላ የእኛ ቤት ሥነ ሥርዓት ይህ ነው። ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሸጋው ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ይጥላል። ክብደቱ እንደ ሐብሐብ ነው። መጀመሪያ ጆሮውን ገልጬ አሸታለሁ። አዎ፣ አሸታለሁ። ጤነኛ ጆሮ ብዙ ሽታ የለውም። የኮመጠጠ ሊጥ፣ ቡሆ የሚመስል ሽታ ካለው ፈንገስ ጀምሮታል። ረጅሙ ጆሮ ቀዳዳውን ስለሚሸፍነው አየር አይገባም፤ እርጥበቱ ይታፈናል። ለውሻ ጆሮ የተዘጋጀ ማጠቢያ አፈስበትና ሥሩን በጣቶቼ አሸዋለሁ፤ ቿ ቿ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ራሱን ያራግፋል። ሸሚዝ የምቀይረው ይሄኔ ነው። የወጣውን በጥጥ እጠርጋለሁ። እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ወደ ውስጥ አይገባም፤ አልኮልም አይፈስበትም። ሽታው ከቆየ ወይም ጆሮውን መሬት ላይ ከፈተገ ሐኪም ይየው።

ሲበላ ጆሮው ሳህን ውስጥ ይገባል። የአሮጌ ካልሲ ጫፍ ቆርጣችሁ፣ ሰፊ ከሆነ፣ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ሻሽ አጥልቁለትና ጆሮውን ወደ ኋላ ያዙበት። ልጆች ይስቁበታል። እሱ ግድ የለውም።

ዓይኑን በኖርማል ሳላይን በራሰ ጎዝ ከውስጥ ወደ ውጪ ጥረጉ። ፋርማሲ አይጠፋም። የደሴ የበጋ አቧራ በተንጠለጠለው ቆብ ውስጥ ይከማቻል። በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል። ቀይ ሆኖ ከሰነበተ፣ ወይም ዓይኑን መጨፈን ካበዛ፣ በራሳችሁ ቅባት አትቀቡ። የግንባሩና የአንገቱ እጥፋት ዘወትር ደረቅ ይሁን። ፎጣ ከበር ጀርባ ስቀሉ፤ አንድ ሳይሆን አራት። ገላውን በወር አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ካለ ብቻ። ጥፍሩ ሲሚንቶ ላይ ሲራመድ ቀጭ ቀጭ ካለ ይቆረጥ።

ክትባትና ትል

የፓርቮና የዲስቴምፐር (ይህም የውሻ ተላላፊ በሽታ ነው) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመራል። ከዚያ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያ በየዓመቱ። የትል መድኃኒት ለቡችላ በየ2 ሳምንቱ፣ ለጎልማሳ በየ3 ወሩ። ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ጠይቁ፤ ያንን የሳንባ ቋጠሮ የሚያመጣውን ትል የሚገድለው እሱ ነው። ለከብት የሚረጭ የመዥገር መድኃኒት በግምት አትቀቡት። ይልሰዋል፤ ይመረዛል።

ክትባቱ የእናንተን ውሻ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት፣ ሰሜን ወሎ አቡነ ዮሴፍ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ቀበሮውን ከሚጨርሱት ነገሮች መካከል ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ናቸው። ለሽርሽር ወደዚያ ስትወጡ ውሻውን ቤት ተዉት። የተከተበም ቢሆን።

ማንንም ውሻ ቢነክሰው፣ የተከተበ ነው ብላችሁ አትተዉ። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ።

አፍንጫውን ሥራ ስጡት

ሥራ ያጣ ብለድሃውንድ ሶፋ ይበላል። እስከ ዓመት ተኩል ረጅም ሩጫና ዝላይ ለመገጣጠሚያው ጥሩ አይደለም። ማሽተት ግን ከ3 ወሩ ጀምሮ ይችላል። ማነፍነፍም እንደ ሩጫ ያደክመዋል።

የደረት ማሰሪያ ያስፈልጋችኋል፤ አንገት ላይ የሚታሰረው ሲጎትት ያንቀዋል። 8 ሜትር ያህል ገመድም ያዙ። ይህንን ማሰሪያ ለፍለጋ ብቻ አድርጉለት። ሲያየው «ሥራ ነው» ብሎ እንዲገባው ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ሳይነሳ ውጡ። ሽታ በእርጥብ ሣር ላይ ይቆያል። ፀሐይና ደረቅ ንፋስ ያጠፉታል።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው። የእህቴ ልጅ የለበሰውን ካልሲ በፌስታል አስሬ ያዝኩ። ልጁ ሸጋው እያየው 20 ሜትር ሮጦ ከጭድ ክምር ጀርባ ተኛ። ፌስታሉን ከፍቼ አስሸተትኩትና «ፈልግ» አልኩ። ከዚያ ዝም። ገመዱን አለመሳብ፣ አቅጣጫ አለማሳየት ትልቁ ፈተና ነው፤ ሰው አፉን መያዝ አይችልም። ልጁን ሲያገኘው የተቀቀለ ሥጋ ከልጁ እጅ እንጂ ከእኔ አልበላም። ያገኘው ሰው ነው ሽልማቱ።

አንድ ሳምንት እያየ። ሁለተኛው ሳምንት ሳያይ። ከዚያ ርቀቱን ወደ 100 ሜትር፣ ቆይታውን ወደ 15 ደቂቃ አሳድጉ። ቀጥሎ ሁለት ሰው አንድ መንገድ ይዘው ይሂዱና መንታው ላይ ይለያዩ። ካልሲው የአንዱ ብቻ ነው። ከሰው ገላ ሳያቋርጥ የሚረግፍ የቆዳ ብናኝ አለ፤ የእያንዳንዳችን ሽታ ይለያያል። ሸጋው መንታው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ጆሮው መሬት ይጠርጋል። ወደ ግራ ሦስት እርምጃ ይሄድና ይመለሳል። ከዚያ ጅራቱ ቀጥ ይላል፤ ገመዱ ይወጠራል። በቀኝ በኩል ነው። ከተሳሳተ አትቆጡ። ወደ መንታው መልሳችሁ ካልሲውን እንደገና አስሽቱት። ሁለቴ ካልሆነለት ያን ቀን በቀላል ጨርሱ፤ 20 ሜትር፣ እያየ፣ አግኝቶ ሥጋውን በልቶ ይግባ።

ቤት ስትደርሱ ውሃ ስጡት፣ ጥቂት በጥቂት። ቁርሱ አንድ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ነው።